ወደ በሩ የዞረው ነጠላ ጫማ

«እኔ ነኝ ሌባው? እስቲ ዓይኔን እያዩ ይንገሩኝ!»

«ሌባ ነህ አላልኩም። በር ላይ አልነበርክም ነው ያልኩት።»

«ያው ነው! ዘበኛን በር ላይ አልነበርክም ማለት ሙሽራን ሠርግህ ላይ አልነበርክም እንደማለት ነው!»

«እንግዲያው ቆርቆሮውን ግድግዳው ዋጠው?»

ጠበቃውና ዘበኛው በግቢው መካከል አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጥጠዋል። ኢንስፔክተሯ የውጭውን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ ዞር ብሎ ያያት አልነበረም። ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቤቷ ስትገባም ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ሰው ተጠይቆ ከሚናገረው ይልቅ ተቆጥቶ የሚናገረው ወደ እውነት እንደሚጠጋ ሥራዋ አስተምሯታልና ጥቂት ቆማ አዳመጠች።

«ፖሊስ ነኝ፤» አለች በመጨረሻ። «ጨርሱ፣ እጠብቃለሁ።»

ሁለቱም አፋቸውን ዘጉ።

ጠበቃው ወጣት ነው። ሸሚዙን አንድ ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎታል፤ ቢሮው ያረጀ መኖሪያ ቤት ነው፣ ሳሎኑን የእንግዳ መቀበያ፣ መኝታ ቤቱን መጻፊያ አድርጎታል። ከጓሮ አንዲት ዕቃ ቤት አለች። ከዚያች ዕቃ ቤት፣ ትናንት እሑድ፣ አንድ ቆርቆሮ ማስቲሽ ተሰርቋል።

«ማስቲሽ? ይኼ የጫማ ማጣበቂያው?»

«እሱው። አውቃለሁ፣ ያስቃል። እኛን ግን አያስቀንም።»

ነገሩን በአጭሩ አስረዳት። በአንድ ጫማ ፋብሪካ፣ ሶል በሚለጠፍበት ክፍል፣ ሰዎች መስኮት ተዘግቶ ለዓመታት ሠሩ። መጀመሪያ የጣታቸው ጫፍ ደነዘዘ፣ ከዚያ እግራቸው፣ የአንዳንዶቹም አፍንጫ ማሽተት ተወ። ሲከሱት ፋብሪካው ማስቲሹን ለወጠና፣ «የድሮውም እንደዚህኛው ነበር፣ ማንንም አይጎዳም» አለ። ከድሮው የተረፈው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱ በቀይ ሰም አሽጎ እንዲመረመር አዘዘ።

«ታዲያ ፍርድ ቤት ያሸገው ዕቃ እርስዎ ዘንድ ምን ይሠራል?»

«መዝገብ ቤቱ አላስቀምጥም አለ። ታሽጎም ይሸታል። አንድ ቀን ቢያድር የሠራተኛውን ራስ አመመው።» ጠበቃው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጥርሱን አላለፈም። «በሁለቱም ወገን ስምምነት እኔ ጋ ተቀመጠ።»

«ባይገኝስ?»

ዘበኛውን ገልመጥ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐሙስ የላቦራቶሪው ሰዎች ሊወስዱት ይመጣሉ። ዳኛው የመጨረሻው ቀጠሮ ነው ብለዋል። ሐሙስ ቆርቆሮው ከሌለ መዝገቡ ይዘጋል። ሰዎቹ እግራቸውን የሚያሳክሙበት ሌላ መንገድ የላቸውም።»

«የመጨረሻው መሆኑን ያውቃሉ?»

«አልነገርኳቸውም። በቀጠሮ ብዛት የደነደኑ ሰዎች ናቸው። በከንቱ ላስጨንቃቸው አልፈለግኩም።»

ዕቃ ቤቷ በር ላይ ሳጅኑ ይጠብቃታል። የበሩ የላይኛው ግማሽ መስታወት ነበር፤ አንዱ ተሰብሮ፣ በቀዳዳው እጅ ገብቶ መቀርቀሪያውን ስቧል። ከውስጥ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ የመስታወት ስብርባሪና የደረቀ ደም ይታያል። ከበሩ ፊት ለፊት፣ የእሑድ ጠዋት ዝናብ ባጨቀየው መሬት ላይ፣ አንድ የቀኝ እግር ነጠላ ጫማ ተሰንቅሯል። የወንድ ነው።

«እግሬ አውጪኝ ሲል የጣለው ነው፤» አለ ሳጅኑ። «ሌባ ሲደነግጥ ጫማው ቀድሞት ይቀራል።»

ኢንስፔክተሯ ቁጢጥ ብላ አየችው። «አፍንጫው ወዴት ነው የዞረው?»

«ወደ በሩ።»

«የሚሸሽ ሰው ወደ በሩ ይሸሻል?»

ሳጅኑ ጆሮውን አከከ። ጭቃው ላይ ያለውን ዱካ አብረው ተከተሉ፤ እስከ ጫማው ድረስ ሁለት ጫማ፣ ከጫማው እስከ በሩ አንድ ጫማና አንድ ባዶ እግር፣ ሲመለስም እንደዚያው። ሰውዬው ጫማው የጠፋው ሲገባ ነው። አላነሳውም። በባዶ እግሩ መስታወት ረግጦ ገባ፣ ረግጦ ወጣ፤ እርምጃው ግን አንድም ቦታ አልተዛነፈም።

«ቸኩሎ ይሆናላ፤» አለ ሳጅኑ።

«ይህን ያህል የሚያስቸኩል ነገር አላውቅም።»

* * *

ዘበኛው ከአንድ ሰዓት መሐላ በኋላ ተናዘዘ፤ እሑድ ከሰዓት በር ላይ አልነበረም። መንገዱን ተሻግሮ ከሱቁ ውስጥ ኳስ ሲያይ ነበር።

«ታዲያ ጠዋት እንደዚያ የጮህከው?»

«ኢንስፔክተር፣ ያልጮኸ ሰው ጥፋተኛ ይመስላል ብዬ ነው እኮ።» አንገቱን ደፋ። «ቡድኔም ተሸነፈ።»

የውጭውን በር ዘግቶት ነው የሄደው። ነገር ግን በዚያ በር ቀዳዳ እጅ አስገብቶ መወርወሪያውን ማንሳት ይቻላል፤ ይህን የሚያውቁት እሱ፣ ጠበቃውና ቅዳሜ ቅዳሜ ለስብሰባ የሚመጡት ከሳሾች ናቸው። አንድ ሌላ ነገርም አስታወሰ፤ የጫማ ፋብሪካው ነጭ ፒክአፕ መንገዱ ዳር ቆሞ አይቷል።

ሥራ አስኪያጁ ኢንስፔክተሯን ከአዳዲስ ጫማ ናሙናዎች መካከል ተቀበሏት። ወፍራም፣ ትሁት፣ ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ናቸው።

«ፒክአፑ ወንበር ሊጭን ነው የሄደው፤ ከዚያ ሠፈር ነው የተከራየነው። እሑድ ልጄን ስድር ነበር። የት ነበሩ ካሉኝ የሙሽራዋ አባት ነበርኩ፤ ምስክር ከፈለጉ ያዳራሹ ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው።»

«ቆርቆሮው ባይገኝ ይጠቀማሉ።»

«እጠቀማለሁ። የለም ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ያዘነበው ገበሬው ነው አይባልም።» ሊሸኟት ተነሡ፣ በሩ አጠገብ ግን ቆም አሉ። «ልጄን ትናንት ሸኘኋት። ዛሬ ጠዋት በስህተት ለቁርስ ጠራኋት። አጉል ነገር ነው።»

ኢንስፔክተሯ የወንበር አከራዩን ጠየቀች፣ ሾፌሩን ጠየቀች። ሁሉም እውነት ነበር። እንደዚህ ያለ ቀን ሲገጥማት ነገሩ እየራቃት ሳይሆን፣ ማየት ወደማትፈልገው ቦታ እያስጠጋት እንደሆነ ታውቃለች።

* * *

በማግስቱ በጠበቃው ሳሎን ከከሳሾቹ አንዷን አነጋገረች። «መርፌ» ይሏታል። ማስቲሽ ክፍል ከመግባቷ በፊት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ምላሷም ለቅጽል ስሟ አያንስም።

«ማን የሰረቀው ይመስልሻል?»

«ሥራ አስኪያጁ ነዋ።»

«ልጁን እየዳረ ነበር።»

«ታዲያ ጥሎሽ ሊያደርገው ይሆናል።» መርፌ ራሷ በራሷ ቀልድ ሳቀች፤ ወዲያው ፊቷ ጠቆረ። «ስሚኝ እህቴ። እኔ ልጄን ሳጥብ ውኃው ይሙቅ ይቀዝቅዝ በእጄ አላውቅም። በክርኔ ነው የምለካው። ያ ቆርቆሮ ባይገኝ፣ ይኼን ሁሉ ውሸት ነው ሊሉን ነው?»

መርፌ ተነሥታ፣ ደህና ዋይ ብላ፣ ሳሎኑን አቋርጣ ወጣች። የግራ ነጠላ ጫማዋ ምንጣፉ ላይ ቀረ።

«እህቴ! ጫማሽ!»

መርፌ ዞር ብላ እግሯን አየች። «ውይ! ዛሬም?» ተመልሳ በእጇ እየደገፈች አጠለቀችው። «እግሬ ከከዳኝ ቆይቷል፤ ጫማዬም የእሱን አይቶ ነው። የሁላችንም እንደዚሁ ነው። ጫማ ስንሠራ ኖረን ጫማ እግራችን ላይ አልቆይ አለን፤ ሳቂ እንጂ፣ እኛ እንስቅበታለን!»

ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም። ዱካው ዓይኗ ላይ መጣባት፦ ያላነሳው ስለቸኮለ አይደለም። መውለቁን አላወቀም። መስታወቱንም አላወቀውም።

ሌባው ከከሳሾቹ አንዱ ነው።

ማታ ቤቷ ገብታ ጫማዋን አወለቀችና የወለሉን ቅዝቃዜ እየዳሰሰች ቆየች። የራሱን ካሣ የሚሰርቅ ሰው ምን ያገኛል? ፋብሪካው ገዝቶት ይሆን? ሌላ ምክንያት አልታያትም። ዝምታው ሲበዛባት ለእህቷ ደወለች።

«ምነው? ምን ሆንሽ?» አለች እህቷ በድንጋጤ።

«ምንም። እንዲያው ነው።»

«እንዲያው? ልጆቹን እያስተኛሁ ነው እኮ። ጉዳይ ካለሽ ንገሪኝ።»

«የለኝም። ደህና እደሪ።»

ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ረጅም ጊዜ እጇን ከላዩ አላነሳችም። ጉዳይ የሌለው ሰው ምን ብሎ ይደውላል?

* * *

ረቡዕ ጠበቃው ከሳሾቹን ሁሉ ጠራ። ኢንስፔክተሯ ቀደም ብላ ደረሰች። ከእሷ የቀደመ ግን አንድ ሰው ነበር፤ «ሊቀመንበር» የሚሏቸው አዛውንት። ማንም አልመረጣቸውም። ወንበር የሚደረድሩት፣ ሻይ የሚያፈሉት፣ የቀረ ሰው ካለ የሚጠይቁት እሳቸው ስለሆኑ ስሙ በራሱ መጥቶ አረፈባቸው።

«ቁጭ በይ ልጄ። አይ፣ እዚያ አይደለም፣ እሱ የመርፌ ነው፤ ቦታዋን ከነኩባት ሰማይ ትደፋለች። ይኼ ደግሞ የሳለኛው ነው፣ በር አጠገብ አየር እንዲያገኝ።»

«የሁሉንም ቦታ ያውቃሉ?»

«ምን ሥራ አለኝ? ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የማውቀው ቅዳሜን ነው።» እንደ ቀልድ አሉት።

ሰዎቹ ተራ በተራ ገቡ። ሊቀመንበር ለእያንዳንዱ አንድ ነገር ነበራቸው፤ የአንዱን ልጅ ፈተና፣ የሌላዋን ወገብ፣ የሦስተኛውን ከአማቱ ጋር የገጠመውን ጠብ ጠየቁ።

መርፌ ስትገባ እግራቸውን አይታ እልል አለች። «ሊቀመንበር! ዛሬ በቆዳ ጫማ! ሊያገቡ ነው እንዴ?»

«አንቺ እሺ ካልሽ።»

«እኔም መልስ በቀጠሮ ነው የምሰጠው!»

ሳቁ ሳሎኑን ሞላው። ኢንስፔክተሯ ሳቁን እያዳመጠች ወለሉን አየች። ከሻይ ማፍያው እስከ ወንበሮቹ፣ ከወንበሮቹ እስከ ሻይ ማፍያው፣ የአዛውንቱ የቀኝ ጫማ ስፌቱ በተላቀቀበት በኩል በየእርምጃው ትንሽ ቀይ ነጥብ ትቷል። ሻይ ይዘው፣ እየቀለዱ፣ ነጥቦቹን ራሳቸው እየረገጡ ይመላለሳሉ። ሌላ ያየ የለም።

ጠበቃው ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ቆርቆሮው መሰረቁን ነገራቸው። ከዚያም ያልነገራቸውን ነገራቸው።

ሳሎኑ ተናወጠ። አንዱ ጠበቃውን ሰደበ፣ ሌላው ፋብሪካውን ረገመ፣ መርፌ ዝም አለች፤ የእሷ ዝምታ ከሁሉም ያስፈራ ነበር። በዚያ ሁካታ መካከል ሊቀመንበር ቀስ ብለው ጠየቁ።

«የመጨረሻ ማለት... ሌላ ቀጠሮ አይሰጡም?»

«አይሰጡም፣ አባባ።»

«ሁልጊዜ ይሰጡ ነበር እኮ። ዳኛ ሲታመም ሰጡ፤ መብራት ሲጠፋ ሰጡ።»

«አሁን አይሰጡም።»

ትኩሱን የሻይ ማፍያ ራሳቸው ለሰው ባወጡት ወንበር ላይ አስቀመጡትና፣ ቆመው ቀሩ።

ኢንስፔክተሯ ስብሰባው እስኪበተን ጠበቀች። «አባባ፣» አለቻቸው በጆሯቸው፣ «እግርዎ ይደማል። ቤትዎ ላድርስዎት።»

ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አዩ። «ወይ ጉድ፤» አሉ የሰው እግር እንደሚያይ ሰው። ከዚያ ቀና ብለው እሷን አዩ፣ ገባቸውም። «እሺ ልጄ። እንሂድ።»

* * *

ክፍላቸው ተከራይ በበዛበት ግቢ መጨረሻ ላይ ነው። በሩ ሲከፈት ሽታው ፊቷን መታት፤ ጉሮሮ የሚቆነጥጥ፣ ራስ የሚያዞር ሽታ። እሳቸው ምንም አልተሰማቸውም። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ እንደ እንግዳ የተቀመጠው ቆርቆሮው ነው።

ኢንስፔክተሯ መጀመሪያ መስኮቱን ከፈተች። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጠች። ቀዩ ሰም አልተነካም።

«ብርድ ልብሱስ?»

«ሰሙ እንዳይላጥ ብዬ ነው።» አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። «አልከፈትኩትም። ልጎዳው አልፈለግኩም። ሐሙስ እንዲያልፍ ብቻ ነበር። ሐሙስ ሲያልፍ ቀጠሮ ይሰጣሉ፣ ከዚያ ቆርቆሮውን አጥር ሥር አስቀምጠዋለሁ፣ ዘበኛው አገኘሁ ይላል፣ ደስ ይለዋል...»

«ማንም አልላከዎትም? ከፋብሪካው?»

«ከፋብሪካው!» ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። «እጄንና እግሬን የበላ ፋብሪካ!»

«ታዲያ ለምን?»

ከመስኮቱ ውጭ አንዲት ሴት ልጇን ትጠራለች።

«ምርመራው ከወጣ ፈረዱልን ማለት ነው፤» አሉ ቆይተው። «ከፈረዱልን ሁሉም ወደየቤቱ ነው። ሳለኛው ወደ ወንድሙ አገር ይሄዳል። መርፌ ልጇ አለላት። ልጄ፣ ሰው ለብቻው ሲኖር ማክሰኞና ዓርብ አይለይም። እኔ ቅዳሜ አለኝ። አንድ ቀጠሮ ብቻ ልጨምር ብዬ ነው። አንድ።»

ኢንስፔክተሯ ብዙ ሌቦች አይታለች። የሰረቁትን ሳይሆን የሚያልፈውን ቀን ሊይዙ የሞከሩ ሌባ ግን አላየችም። የእህቷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ነበር፤ ጉዳይ ካለሽ ንገሪኝ።

«ማታ አውጥተሽ አጥር ሥር ጣይው፤» አሉ አዛውንቱ። «ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። ነገ ፋብሪካው 'የት ነበር?' ሲል ውሸት ከተገኘብን፣ ያኔ ነው መዝገቡ የሚሞተው።» ጎንበስ ብላ እግራቸውን አጠበችላቸው፤ ከተረከዛቸው የመስታወት ስባሪ ስታወጣ ሌላ ቦታ ያዩ ነበር። «ሁሉም በግልጽ ይሆናል። ማኅተሙን ያተመው ሰው ራሱ እዚሁ መጥቶ ያየዋል፤ ሥራ አስኪያጁም ያያሉ። ሰሙ ይመሰክራል። እርስዎ ግን...»

«እኔ ግን?»

«ቃልዎን ይሰጣሉ፤ የስርቆቱ መዝገብ አይቀርም። ከሳሽነቱንም የሚተዉት ይመስለኛል። ጠበቃው ይህንኑ ነው የሚጠይቅዎት። የሌሎቹ ጉዳይ ንጹሕ እንዲሆን።»

«ካሣው ይቅርብኝ።» እጃቸውን ወዘወዙ። ከዚያ፣ እንደ ልጅ፣ «ቅዳሜስ መምጣት?» አሏት።

ፋሻውን አጥብቃ አሰረች። ሌላ የምትሠራው ስላልነበራት ፈትታ እንደገና አሰረችው።

* * *

ሐሙስ ጠዋት የጠበቃው ግቢ በሰው ተሞላ። ባለማኅተሙ ትናንት ማታውኑ የአዛውንቱ ክፍል ድረስ ሄዶ አይቷል፤ ዛሬም በማጉያ መነጽር ደግሞ አየና አልተነካም አለ። ሥራ አስኪያጁ ተጎንብሰው አዩ፣ መሃረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ፣ አልተነካም አሉና ፈረሙ። የላቦራቶሪው ሰዎች ጓንትና ጭንብል አጥልቀው ቆርቆሮውን አነሡት።

«እዩአቸው!» አለች መርፌ። «ታሽጎ እንኳን ጭንብል! ለእኛ ክዳኑን ከፍተው ነበር የሚሰጡን።»

ሊቀመንበር ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። ኢንስፔክተሯ ነጠላ ጫማቸውን መልሳላቸው፣ እንዳይወልቅ በላስቲክ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አስረውታል። ሁሉም ነገሩን ሰምቷል። አንዳንዱ ሰላም አላላቸውም፤ አንዳንዱ ሰላም ብሎ ዓይኑን ሰበረ። መርፌ ብቻ መጥታ ፊታቸው ቆመች።

«ቤቴ ኑ ማለት አቅቶዎት ነው?»

«መጥታችሁ ምን ታደርጋላችሁ፣ ልጄ? ጉዳይ የለንም።»

«ጉዳይ!» ልትቀጥል አፏን ከፈተች፤ ግን መኪናው ሞተሩን አስነሣ። አንድ ሰው «እየሄደ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ መርፌም እንደሌሎቹ ወደ በሩ ሮጠች፣ በተንሻፈፈው አረማመዷ።

መኪናው ሲወጣ አጨበጨቡ። ጠበቃውን አቀፉት፤ ከሁሉም የበለጠ ዘበኛው አቀፈው። ሳለኛው ስለ ወንድሙ አገር፣ መርፌ ስለ ሐኪም ቤት ማውራት ጀመሩ። ሁሉም እኩል ያወራል፣ ሁሉም እኩል ይስቃል።

ኢንስፔክተሯ ደረጃው ላይ ቆማ የመጨረሻውን ወረቀት ፈረመች። ቀና ስትል አዛውንቱ ወንበራቸውን አጥፈው ከሌሎቹ ጋር ግድግዳው ላይ አስደግፈዋል። ብርጭቆዎቹን አለቅልቀው ደፍተዋል። ልትጠራቸው ፈለገች፤ ምን ብላ እንደምትጠራቸው ግን አጣች።

ቀስ ብለው፣ በየእርምጃው እግራቸውን እያዩ፣ ወደ በሩ ሄዱ። ሰዎቹ መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። መርፌ ሰው ለማሳለፍ ትከሻዋን ዘወር አደረገች፤ ወሬዋን ግን አላቋረጠችም።